ካርቱም ላለ ሰው ሳትጠይቁ ቪዲዮ አትላኩ



ጽሑፉ ረዘም ይላል። ግን ሙሉውን ለማንበብ የሚፈጀው ኔት አንድ ፎቶ ለመክፈት ከሚፈጀው ያነሰ ነውና እስከ መጨረሻው አንብቡት። ነገሬም ስለዚሁ ነው።

የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰዎች ነው። አንደኛ፣ እዚህ ካርቱም፣ ኦምዱርማንና ባህሪ ላለን ስደተኞች። ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ጅዳ፣ ዋሽንግተን፣ ቶሮንቶ ሆናችሁ "የኛ ሰው እንዴት ሆኖ ይሆን" እያላችሁ እንቅልፍ ለምታጡ ዘመዶቻችን። ለሁላችሁም የምለው አንድ ነው። ካርቱም ላለ ሰው ሳትጠይቁ ቪዲዮ አትላኩ። ዜናም ቢሆን፣ ስብከትም ቢሆን፣ የጦርነት ምስልም ቢሆን፣ የድርጅት ማስታወቂያም ቢሆን አትላኩ።

"ሰው በጭንቅ ላይ ሆኖ በስልኩ የሚያየውን ደግሞ ልትከለክለው ነው?" የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ታገሡኝ፣ ምክንያቴን አንድ በአንድ ልዘርዝር።

አንደኛ፦ እዚህ ኔት እንጀራ ነው።

ጦርነቱ የጀመረው ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ነው (ቀኖቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ለእኛ ቅዳሜ ሹር ነበር፤ ለሙስሊም ወንድሞቻችን የረመዳን መገባደጃ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሰው ኑሮ በሙሉ ስልክ ላይ ተንጠለጠለ። ባንኩ ተዘግቶ፣ ጥሬ ገንዘብ ጠፍቶ፣ ዘመድ የላከው ብር የሚገባው በባንካክ ሆነ። ባንካክ ደግሞ ያለ ኔት አይከፈትም። ስለዚህ ኔት ያለው ዱቄት ይገዛል፤ ኔት ያለቀበት ገንዘብ እያለው ጦሙን ያድራል።

ብዙ ሰፈር ውስጥ ኔት የተገኘው ስታርሊንክ ካለበት ሱቅ ሄዶ በሰዓት ከፍሎ ነው። ስልክ ቻርጅ ማድረግም ሶላር ካለው ሰው ዘንድ በክፍያ ነው። እስቲ አንዲት እህታችንን አስቧት። ጅሬፍ ሻይ ሸጣ ያገኘችውን ይዛ ትሄድና የአንድ ሰዓት ትከፍላለች። በዚያች ሰዓት ውስጥ የወንድሟን ገንዘብ ማየት፣ ለእናቷ "ደህና ነኝ" ማለት፣ ነገ የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ መጠየቅ አለባት። ዋትስአፗን ስትከፍት ግን ከየግሩፑ ቪዲዮው ተግተልትሎ ይመጣል። ዋትስአፕ ካልነካችሁት በስተቀር ዋይፋይ ባገኘ ቁጥር የተላከውን ቪዲዮ ሁሉ በራሱ ጊዜ ያወርዳል። የሱቁን ዋይፋይ የሚጋሩት ደግሞ ብዙ ሰዎች ናቸው። የሁሉም ስልክ የሁሉንም ግሩፕ ቪዲዮ ሲጎትት መስመሩ ይታነቃል። ባንካክ ይሽከረከራል እንጂ አይከፈትም። ሰዓቷ ያልቃል። የእናቷ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ትመለሳለች።

ቪዲዮውን የላከው ማነው? የሚወዳት ዘመዷ ነው። በቅንነት ነው የላከው። ቅንነት ግን ረሲድ አይሞላም።

ሂሳቡን እንሥራ። እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል በስልክ ውስጥ 3 ባይት ይይዛል። 2000 ፊደል ያለው መልእክት፣ ማለትም አንድ ገጽ ሙሉ ዜና፣ 6 ኪሎባይት ነው። በ64 ኪሎቢት የሚተላለፍ የኢንተርኔት ሬዲዮ ለአንድ ሰዓት ሲደመጥ 29 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። ቪዲዮ በሴኮንድ 1 ሜጋቢት ብቻ ይፈሳል ብንል እንኳ ለአንድ ሰዓት 450 ሜጋባይት ነው። ስለዚህ አንድ ሰዓት ላይቭ በምናይበት ኔት 15 ሰዓት ሬዲዮ መስማት እንችል ነበር። ወይም 75,000 ገጽ ማንበብ። ዕድሜ ልካችንን አንብበን የማንጨርሰውን ማለት ነው፣ አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ "ወዳጆቼ እስቲ ላይክ አድርጉ" ሲል ለማየት!

ሁለተኛ፦ ጋለሪ ሰው ያስገድላል።

ድሮ ካርቱም ውስጥ ስደተኛ የሚፈራው ከሻ ነበር። ፖሊስ መጥቶ መታወቂያ ሲጠይቅ፣ ካርድ የሌለው ሲታፈስ፣ ገንዘብ ያለው ከፍሎ ሲወጣ። ከጦርነቱ ወዲህ ኬላ ላይ የሚጠየቀው መታወቂያ ብቻ አይደለም። "ተሌፎን!" ይባላል። ተቀብለው ይከፍቱታል። ጋለሪ ውስጥ ይገባሉ።

ፈጥኖ ደራሹ ይዞት በነበረው ሰፈር የሠራዊቱ ድል ቪዲዮ የተገኘበት ሰላይ ነበር። ሠራዊቱ በያዘው ሰፈር የፈጥኖ ደራሹ ቪዲዮ የተገኘበት ተባባሪ ነው። ሱዳናዊው እንኳ ስሙንና ጎሣውን ቆጥሮ፣ አጎቱን ጠርቶ ሊከራከር ይችል ይሆናል። ሐበሻው ምን ብሎ ይከራከራል? ዓረብኛው የተሰበረ ነው፤ የሚጠራው አጎት የለውም፤ "የውጭ ቅጥረኛ ነው" የሚለው ጥርጣሬ ገና ፊቱን ሲያዩት ይጀምራል። በዚህ ላይ የታጠቁ ሰዎች የሚጨፍሩበት ቪዲዮ ጋለሪው ውስጥ ሲገኝ "ዘመዴ ነው የላከልኝ፣ እኔ አልከፈትኩትም" ብሎ ማን ያምነዋል?

እውነቱ ግን እሱ ነው። አልከፈተውም! ስልኩ በራሱ ጊዜ አውርዶ ጋለሪ ውስጥ አስቀመጠለት። ሜሪላንድ ያለ ሰው አልጋው ላይ ተጋድሞ በአንድ ጣት "ፎርዋርድ" አለ፤ ካርቱም ያለ ሰው ኬላ ላይ ተንበረከከ። እነዚህ ሁለት ነገሮች አንድ ገመድ መሆናቸውን እስክንረዳ ድረስ ዝም አልልም።

ሦስተኛ፦ ቪዲዮው ለምን እንደሚረዝም እወቁ።

"ሰበር ዜና፣ ካርቱም ያሉ ኢትዮጵያውያን..." የሚል ርዕስ ታያላችሁ። ልባችሁ ይመታል። ትከፍታላችሁ። 47 ደቂቃ። የመጀመሪያው 6 ደቂቃ ሰላምታና ሰብስክራይብ። ቀጥሎ ሙዚቃ። ቀጥሎ የሱዳን ታሪክ ከቱርኮች ጀምሮ። ዜናው ራሱ 39ኛው ደቂቃ ላይ ይመጣል፤ ሲመጣም ከአንድ ዓረፍተ ነገር አይበልጥም፤ እሷም ካለፈው ሳምንት የተረፈች ናት።

ይህ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። ዩቲዩብ በቪዲዮ መሀል ማስታወቂያ እንዲገባ የሚፈቅደው ቪዲዮው 8 ደቂቃና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ስለዚህ ሰውየው የአንድ ደቂቃ ወሬ ቢኖረውም 8 ደቂቃ ማድረስ አለበት። ቲክቶክ ላይቭ ላይ ደግሞ ገቢው ከስጦታ ነው፤ ሰው በተቀመጠ ቁጥር ጽጌረዳውና አንበሳው ይወረወራል። የኛ ሰቆቃ በደቂቃ ተለክቶ የሚሸጥ ዕቃ ሆኗል። እኛ ደግሞ ሰቆቃችንን መልሰን በረሲዳችን እንገዛለን። ከዚህ የባሰ ንግድ አይቼ አላውቅም።

ስደተኛን እናገለግላለን የሚሉ አንዳንዶችም ከዚህ አይሻሉም። ምዝገባው መቼ እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ ምን ይዞ መሄድ እንደሚያስፈልግ በሦስት መስመር መጻፍ ሲቻል፣ ባንዲራና ሙዚቃ ያለው ቪዲዮ ሠርተው ይለጥፋሉ። ቪዲዮው ለማን ነው? ለረጂው ነው እንጂ ለተመዝጋቢው አይደለም። ተመዝጋቢው የቪዲዮው መክፈቻ ሳይጫንለት የምዝገባው ቀን ያልፋል።

አራተኛ፦ ካርቱም ኔት የሚጠፋባት ከተማ ናት።

ይህን አዲስ የመጡ ልጆች ላያውቁት ይችላሉ፤ ነባሮቹ ግን ታስታውሳላችሁ። በዲሴምበር 2018 ሕዝቡ አልበሽርን ለመጣል ሲነሳ ፌስቡክና ዋትስአፕ ተዘጉ። ጁን 3 ቀን 2019 በጦር ኃይሉ ዋና መምሪያ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሕዝብ ሲጨፈጨፍ ኔት ተቆርጦ ከአንድ ወር በላይ ቆየ። ኦክቶበር 25 ቀን 2021 በመፈንቅለ መንግሥቱ ቀን ዳግመኛ ተቆረጠ፤ ከሦስት ሳምንት በላይ። ጦርነቱ በጀመረ በሳምንቱ፣ ኤፕሪል 23 ቀን 2023፣ የአገሪቱ ኔት ከሞላ ጎደል ወደቀ። ፌብሩዋሪ 2024 ሲገባ ደግሞ ዘይንም፣ ኤምቲኤንም፣ ሱዳኒም በአንድ ላይ ጠፉ። ፖርት ሱዳን አካባቢ ቶሎ ተመለሰ፤ ካርቱም ውስጥ ግን ብዙ ሰፈሮች ለወራት ጨለማ ውስጥ ቆዩ። ባንካክ ስለቆመ ለድሃ ምግብ የሚያበስሉት የሰፈር ማዕድ ቤቶች ገንዘብ የሚቀበሉበት አጥተው ብዙዎቹ እሳታቸውን አጠፉ።

አገር ቤትም ያው ነው። ትግራይ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ለሁለት ዓመት ገደማ ተቆርጣ ኖራለች። አማራ ክልል ከኦገስት 2023 ጀምሮ ለወራት የሞባይል ኔት አልነበረውም። እኛ ካርቱም ሆነን ጎንደር ያለችውን እናታችንን ማግኘት አቃተን፤ እናታችንም እኛን። በሁለቱም ጫፍ ጨለማ ነበር።

እንግዲህ ኑሯችንን በሙሉ ከኔት ጋር አሥረን፣ ያችን የምትቆራረጥ ኔት ደግሞ በቪዲዮ ስንገድላት ምን ይባላል?

ታላላቆቻችን ከደርግ ሸሽተው ገዳሬፍና ካርቱም ሲገቡ ብዙዎቹ ትንሽ አጭር ሞገድ ሬዲዮ ነበራቸው። የጀርመን ድምፅ አማርኛ ከ1965 ጀምሮ፣ የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ከ1982 ጀምሮ በአየር ይመጣ ነበር። ሬዲዮ ረሲድ አይጠይቅም። ማን እንዳዳመጠው አያውቅም። ጋለሪ ውስጥ ዱካ አይተውም። አንድ ሰው ከፍቶት አሥር ሰው ይሰማል። ሰዓቱ ይታወቃል፤ ይጀምራል፣ ይናገራል፣ ያበቃል። እኛ ያንን ጥለን ሬዲዮውን ራሱን ስልክ ውስጥ ከተትነው። "በአፕ እሰማዋለሁ" አልን። ጥሩ ነው፤ ኔት እስካለ ድረስ።

ትልልቆቹም ይህን በመከራ ነው የተማሩት። ቢቢሲ የዓረብኛ ሬዲዮውን በጃንዋሪ 2023 ዘጋ፤ ዘመኑ የዲጂታል ነው ተባለ። ሦስት ወር ሳይሞላ ሱዳን ተቃጠለች። በሜይ ወር ተመልሶ ለሱዳን ሕዝብ የአስቸኳይ ጊዜ ስርጭት በአጭር ሞገድ ጀመረ። ለምን? ኔት ሲወድቅ የማይወድቀው እሱ ስለሆነ ነው። ተዋጊዎቹም የሬዲዮን ዋጋ ያውቃሉ። ከ1940 ጀምሮ የሚናገረውን የኦምዱርማን ሬዲዮ ሕንፃ ፈጥኖ ደራሹ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ይዞት ቆየ፤ ሠራዊቱ ማርች 12 ቀን 2024 እስኪያስለቅቀው ድረስ ወደ አንድ ዓመት ገደማ ተዋጉበት። ሬዲዮ ጊዜው ያለፈበት ቢሆን ኖሮ ማን ይሞትለት ነበር?

ከዚያ ማርች 2025 መጣ። በዚያው ወር ሠራዊቱ ቤተ መንግሥቱን መልሶ ያዘ፤ ካርቱም ተለወጠች። በዚያው ወር፣ በ15ኛው ቀን፣ የአሜሪካ ድምፅ ከዋሽንግተን በመጣ ትዕዛዝ ጸጥ አለ፤ ወደ 50 ከሚጠጉት ቋንቋዎቹ መካከል የኛ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛም አሉበት። ዜና በጣም በምንፈልግበት ሰዓት ከ40 ዓመት በላይ የለመድነው ድምፅ ጠፋ።

እና አሁን የኛ ሬዲዮ ማነው? ይህን ጥያቄ ሳብሰለስል ከርሜ የደረስኩበት እዚህ ነው። እኛው ነን። አንቺ ሦስት መቶ ሰው ያለበት ግሩፕ ያለሽ እህቴ፣ አንተ በየቀኑ ድምፅ የምትልክ ወንድሜ፣ ከጅዳ ወሬ የምታቀብሉ አክስቶቼ፣ ሬዲዮ ጣቢያው እናንተ ናችሁ። ጣቢያ ከሆናችሁ ደግሞ እንደ ጣቢያ ኃላፊነት አለባችሁ።

አሁን ወደ ተቃውሞው ልምጣ።

"ቪዲዮ ማስረጃ ነው" ትላላችሁ። ልክ ነው። በ2019 ሰልፈኞቹ እየተተኮሰባቸው በስልካቸው ባይቀርጹ ኖሮ ያ ጭፍጨፋ ተክዶ ይቀር ነበር። ቢቢሲ ከ300 በላይ የሚሆኑ የስልክ ቪዲዮዎችን አገጣጥሞ የሠራው ፊልም የተገኘው ከእነሱ ነው። ለእነዚያ ልጆች ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ግን ልብ በሉ፤ ያ ቪዲዮ ከእሳቱ ወደ ውጭ የወጣ ነው። እኔ የምቃወመው ከውጭ ወደ እሳቱ የሚላከውን ነው። ከእሳት የሚወጣ ቪዲዮ ምስክር ነው፤ ወደ እሳት የሚላክ ቪዲዮ ጭድ ነው። ካርቱም ያለ ሰው በመስኮቱ ያየውን ጦርነት በስልኩ ልታሳዩት አያስፈልግም።

"ማንበብ የማይችሉ እናቶች አሉ" ትላላችሁ። ይህም ልክ ነው፤ ለእነሱ ድምፅ ላኩ። የሁለት ደቂቃ የዋትስአፕ ድምፅ ግማሽ ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። እናቶቻችን ሬዲዮ ሲሰሙ ኖረዋል፤ ለማዳመጥ ምስል አይፈልጉም።

"ሰው መጽናናት፣ መዝሙርና መንዙማ መስማት፣ የልጁን ፊት ማየት ይፈልጋል" ትላላችሁ። እኔም ሰው ነኝ፣ ይህንን አላጣሁትም። ለዚህም ነው "ሳትጠይቁ" ያልኩት። ጠይቁ! "ኔት አለሽ? ቤት ነሽ ወይስ መንገድ ላይ? ልላክ?" በሉ። መልሱ "ላክ" ከሆነ የልጇን ልደት ላኩላት፣ ታልቅስ፣ ትሳቅ። መዝሙሩንም በቪዲዮ ከመላክ በድምፅ ብቻ ላኩት። አንዴ ካወረደችው ያለ ኔት መቶ ጊዜ ትሰማዋለች። ዩቲዩብ ላይ መቶ ጊዜ ብትከፍተው ግን መቶ ጊዜ ትከፍላለች።

እንግዲህ ተግባሩ ይህ ነው።

ውጭ ላላችሁ፦

1. ዜና በጽሑፍ ላኩ፤ ካልሆነ ከሁለት ደቂቃ ባልበለጠ ድምፅ።

2. ቀኑን፣ ቦታውንና ማን እንዳለው በመጀመሪያው መስመር ጻፉ። "ዛሬ" አትበሉ፤ መልእክታችሁ ከአራት ቀን በኋላ ሊደርስ ይችላል።

3. ረዥም ላይቭ ካያችሁ እናንተ እዩና ፍሬውን በሦስት መስመር ጻፉልን። እናንተ ዘንድ ኔቱ አለ። ይህ ከምትልኩት ገንዘብ የማይተናነስ እርዳታ ነው።

4. የታጠቀ ሰው፣ ባንዲራ፣ ሬሳ ያለበት ምስል ሱዳን ውስጥ ወዳለ ቁጥር በምንም ምክንያት አትላኩ።

እዚህ ላለነው፦

1. ዋትስአፕ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሚዲያ በራሱ እንዳይወርድ አጥፉ፤ በሞባይል ዳታም በዋይፋይም። ቴሌግራምም ላይ እንዲሁ። የወረደው ጋለሪ ውስጥ እንዳይገባ የሚያደርገውንም አጥፉ። የማያውቅ ካለ ጎረቤቱን ይጠይቅ፤ የምታውቁ ደግሞ ሳትጠየቁ ለእናቶች አስተካክሉላቸው።

2. ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ጋለሪውን እዩ። ስታጠፉ የጠፋው የሚጠራቀምበትንም ባዶ አድርጉ። ቻቱ ውስጥ ያለውንም አትርሱ፤ የሚፈትሽ ሰው እዚያም ይገባል።

3. ቪዲዮ ማየት ግድ ከሆነ ጥራቱን ወደ 144 ዝቅ አድርጉት። የሚናገር ሰው ፊት ጠርቶ ታየ አልታየ ምንም አይቀንስባችሁም።

4. ብዙ የቴክኖና የአይቴል ስልክ ኤፍኤም ሬዲዮ አለው። የጆሮ ማዳመጫውን ሽቦ ሰኩበት፤ አንቴናው እሱ ነው። ኔት አይፈልግም። ዓረብኛ የሚሰማ አንድ ሰው በየግቢው አይጠፋምና ለሌሎቹ ይተርጉም።

5. አጭር ሞገድ በስልክ አይሰማም፤ ራሱን የቻለ መሣሪያ ይፈልጋል። ግቢው ተዋጥቶ አንድ ይግዛ። ኔት በጠፋበት ቀን አንድ ሬዲዮ አንድ ግቢ ሙሉ ሰው ከወሬ ረሃብ ያወጣል።

ዩቲዩበሮችና ላይቭ አቅራቢዎች ሆይ፣ ለእናንተ የምለው አጭር ነው። እንጀራችሁን አልቃወምም። ግን በኛ ስም ስትናገሩ ፍሬውን በጽሑፍ ከቪዲዮው ሥር አስቀምጡልን። ሦስት መስመር። ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ የምታገለግሉት እኛን አይደለም፤ ስማችንን ከርዕሳችሁ ላይ አውርዱት።

የካርቱም ስደተኛ ብዙ ነገር ተወስዶበታል። ቤቱ ተዘርፏል፣ ካርዱ ተቀምቷል፣ ስልኩ ራሱ ስንት ጊዜ ከእጁ ተነጥቋል። የቀረችው ነገር ቢኖር ያቺ በሰዓት የምትገዛ ኔት ናት። በእሷ ነው እናቱን "አለሁ" የሚላት። እሷን አትብሉበት።

ይህን ጽሑፍ ሊንኩን አትላኩ፤ ሊንክ ሲከፈት ሙሉ ገጹን ይጭናል። ኮፒ አድርጉና በጽሑፍ ላኩት። ለማታነብ እናት ደግሞ በድምፃችሁ ከፋፍላችሁ አንብቡላት። ቪዲዮ እንዳታደርጉት ብቻ አደራ።

እግዚአብሔር፣ አላህ ያሉበትን ሁሉ ይጠብቅልን።